የቆርቆሮ አዳራሹ አስተርጓሚ

ጋሽ ሎምቤቦ ማረፋቸውን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አማረች ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ሲጠራ ወጣሁና አነሳሁት።

«ትዕግሥት፣ ሎምቤቦ አረፈ» አሉኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። «ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ቀደም ብለሽ ነይ፤ ያስቀየመው ሰው ሁሉ መሞቱን ለማረጋገጥ ስለሚመጣ መቀመጫ አታገኚም።»

እውነታቸውን ነበር። ድንኳኑ ሞልቶ ከታቦር ተራራ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ላይ ሰው ቆሟል፤ ባጃጆች ማለፊያ አጥተው ጥሩምባ ይነፋሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን ማንበብ ጀመረና «ወንድማችን ሎምቤቦ በአነጋገሩ ቁጥብ፣ ለሽማግሌዎች ታዛዥ፣ ከዓለማዊ ነገር የራቀ ሰው ነበር» የሚለው ላይ ደረሰ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው። ሳሉ ወደ ሌላው ተላለፈ። እትዬ አማረች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሏቸው። እኔ ግን ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ። እየሳቁ ነበር።

ስለ አዳራሹ አንድም ቃል አልተነበበም። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ ያሳለፈን ሰው ያለ ቤቱ መቅበር ለእኔ ሌላ ሰው እንደ መቅበር ነው። ስለዚህ እኔ የማውቃቸውን ጋሽ ሎምቤቦን ልጻፍ።

የቆርቆሮ አዳራሽ የምንለው አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ከገበያው ጀርባ ያለውን ረጅም ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የሚልህን አትሰማም። መጀመሪያ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። ቀጥሎ ሲኒማ ቤት ሆነ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ መሰብሰቢያ፣ ከዚያ የማዳበሪያ ማከማቻ፣ ከዚያ ደግሞ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠርግ አዳራሽ። እኔ የደረስኩበት ጊዜ ምንም አልነበረም፤ ነዋሪዎቹ እርግቦች ብቻ ነበሩ። ጋሽ ሎምቤቦ በሲኒማው ዘመን የፊልም ማሽኑ ኦፕሬተር ነበሩ፤ በማዳበሪያው ዘመን ጥበቃ፣ በሠርጉ ዘመን ወንበር ደርዳሪ። ቤቱ ሥራ በቀየረ ቁጥር እሳቸውም አብረው ይቀይሩ ነበር። ቁልፉ ግን ከኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ኃላፊዬ አቶ ታደለ ጠራኝና ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን ነገረኝ። አንድ ባለሀብት ቦታው ላይ ጂ ፕላስ ሰባት ሊሠራ ጠይቋል።

«በቅርስነት ካልተመዘገበ ወር አይቆይም» አለኝ። «ለመመዝገብ ደግሞ ታሪክ ያስፈልገዋል። ሂጂና ታሪክ አምጪ።»

ሱቅ ሂጂና ስኳር አምጪ እንደሚባለው ነው ያለኝ።

ስሄድ ጋሽ ሎምቤቦ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አጭር ናቸው፤ ጆሯቸው ትልቅ፣ ቡናማ ኮታቸው ከትከሻቸው የሰፋ። ክላሰሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ፊታቸው ቆምኩ።

«ምንድን ነሽ?» አሉኝ። ማን ነሽ አላሉም።

«ከቅርስ ክፍል ነው የመጣሁት።»

«ቅርስ?» ከታች ወደ ላይ አዩኝ። «ይቺ ከተማ ስትቆረቆር እኔ የወተት ጥርሴን ነቅዬ ጨርሻለሁ። ከተማዋ ታናሽ እህቴ ናት። ቅርስ ከፈለጋችሁ እኔን መዝግቡኝ፤ ጣሪያዬም ያፈሳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ክላሰር ሆነ። ሰውን ሁሉ በሚይዘው ነገር ነበር የሚጠሩት። አቶ ታደለ ማኅተም ነው። እትዬ አማረች፣ የእሳቸውን ወሬ መሐል ላይ እያቋረጡ ስለሚያርሙ፣ ሳንሱር ናቸው። «ሳንሱር ካለች ይሄን አልነግርሽም» ይሉኝና፣ እትዬ አማረች እየሰሙ፣ ይነግሩኛል።

የመጀመሪያ ቀን ሰገነቱ ላይ አወጡኝ። ከእንጨት አግዳሚዎቹ መሐል ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ለብቻው ተቀምጧል። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እዚህ ላይ ደጃዝማቹ ተቀምጠዋል» አሉኝ። «አዳራሹን መርቀው የከፈቱ ቀን። እግራቸውን እንዲህ አነባብረው።»

እኔም በቁምነገር ጻፍኩ፤ እግራቸውን ማነባበራቸውን ሳይቀር። በሳምንቱ ተመልሼ ስመጣ ለሁለት እንግዶች ያንኑ ወንበር ያሳያሉ። በጆሮዬ እንደሰማሁት ግን የተቀመጡት ራስ ሆነዋል። እንግዶቹ ሲሄዱ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ደጃዝማች ብለውኝ አልነበር?»

«ያኔ ደጃዝማች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተሾሙ።»

«ከሞቱ በኋላ?»

«የእኛ አገር ሹመት እንዲህ ነው፤ ይዘገያል። እኔ ግን እስካሁን ኦፕሬተር ነኝ።»

አቶ ታደለ ደጃዝማቹን ወደዳቸው። ከአንድ መጽሐፍ ስም ፈልጎ አወጣላቸው፤ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይም በደማቅ ፊደል አስቀመጣቸው። ወፍራሙ ግድግዳ፣ ሲኒማው፣ ቀበሌው፣ ሁሉም ደጃዝማቹን ተከትለው እንደ አጃቢ ተሰለፉ። የመዝጋቢው ኮሚቴ ቦታውን ሊያይ የሚመጣበት ቀን ተቆረጠ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ነውና ስለ ደጃዝማቹ ትንሽ ላንብብ ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። አቶ ታደለ የመረጣቸው ሰው አዳራሹ ከመሠራቱ ቀርቶ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ሞተዋል።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ታቦር ወጣሁ። ጋሽ ሎምቤቦ ግቢያቸው ውስጥ የካሮት ችግኝ ያርማሉ፤ እትዬ አማረች ደጃፉ ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ያገኘሁትን ነገርኳቸው።

«ሞተው ከሆነማ መምጣታቸው የበለጠ ያስደንቃል» አሉ ጋሽ ሎምቤቦ ቀና ሳይሉ። «በደንብ ጻፊው።»

«ጋሼ፣ ባለሀብቱ ጠበቃ አለው። እኔ ያገኘሁትን እሱ አያጣውም። ኮሚቴው ፊት ውሸት ከተገኘብን አዳራሹ በማግስቱ ይፈርሳል።»

እትዬ አማረች ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ንገራታ» አሏቸው። «ይሄን ደጃዝማች ሠላሳ ዓመት ሰማሁት። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ቤቴ ይመጣል እያልኩ እፈራ ነበር።»

ጋሽ ሎምቤቦ ተነሥተው እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ። ወንበሩ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር አሉ። ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ለእግሬ ማሳረፊያ ይሆናል ብዬ ወሰድኩት አሉ።

«ታዲያ ደጃዝማች ለምን?»

«ማዳበሪያው የወጣ ሰሞን ሁለት መሐንዲሶች ሜትር ይዘው መጡ። ሰው ቤት የሚለካው ወይ ሊገዛ ወይ ሊያፈርስ ነው፤ እነዚህ የገዢ ፊት የላቸውም። ስለ ሲኒማው ስነግራቸው መለካታቸውን ቀጠሉ። ደጃዝማች ስላቸው ግን ቆሙ። ሜትራቸውን ጠቅልለው ‹ለበላይ እናሳውቃለን› ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሜትር የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ደጃዝማቹን እጠራቸዋለሁ። ምን አጠፉ? ከኔ ደሞዝ አልጠየቁ።»

«ስለ ሲኒማው ምን ነበር የነገሯቸው?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ሁለቱ እየተቀባበሉ ነገሩኝ፤ እሳቸው ሲጨምሩ እትዬ አማረች እየቀነሱ።

ፊልሞቹ አብዛኞቹ የህንድ ነበሩ። ከተማዋ ደግሞ ገና አዲስ ናት፤ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ሰፍሮባታል። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ሃድያው፣ ጉራጌው፣ ከሰሜን የመጣው ወታደር፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በወጉ አያውቅም። ህንድኛ የሚያውቅማ ማንም የለም። ሰው መሐል ላይ እየሰለቸው ሲወጣ የሲኒማው ባለቤት ለጋሽ ሎምቤቦ ማይክራፎን ሰጣቸውና «አስረዳ» አላቸው።

«ህንድኛ ይችሉ ነበር?» አልኳቸው።

«ሃድይኛ እችላለሁ። ሲዳምኛ እችላለሁ። አማርኛ ይኸው የምትሰሚው ነው። ወላይትኛ ለመጣላት የሚበቃ እችላለሁ። ህንድኛ ዛሬም አልችልም።»

«ታዲያ ምን ብለው ተረጎሙ?»

«ፊታቸውን አይቼ። ሰው ሲናደድ ምን ይላል? አንድ ነው የሚለው።»

ማሽን ክፍላቸው ውስጥ ሆነው መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በሲዳምኛ ይናገራሉ፤ ሲመቻቸው በሌሎቹም። በሁለተኛው ሳምንት ያው ፊልም ሲታይ ታሪኩ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት አባት የነበረው ሰው አሁን አከራይ ሆኗል። ሰውም ይሄን አውቆ ያየውን ፊልም ደግሞ ደጋግሞ ለማየት ይመጣል። ወንድና ሴት ተቃቅፈው ፊታቸው ሲቀራረብ ጋሽ ሎምቤቦ መዳፋቸውን መብራቱ ፊት ያደርጋሉ፤ ሸራው ላይ አምስት ግዙፍ ጣቶች ይመጣሉ። ሰዉ በጩኸት ይቀበላቸዋል። እትዬ አማረች የወደፊት ባላቸውን በመጀመሪያ ያወቁት በጣታቸው ነበር።

«ወፍራም ጣት ነው፤ ሠራተኛ ሰው ይሆናል ብዬ ተታለልኩ» አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያናቸው ይህን አልወደደችም። የያኔዎቹ ሽማግሌዎች ጠርተዋቸው ሲኒማውን እንዲተዉ ነገሯቸው። ጋሽ ሎምቤቦም «ኃጢአቱን በእጄ የምሸፍነው እኔ፤ የምትቀጡት እኔን?» ብለው መለሱ። ከኅብረት ታገዱ። ከጋብቻቸው በፊትም በኋላም፣ በጠቅላላው አሥራ ስምንት ዓመት፣ በር ላይ ቆመው መዝሙር ሰምተው የሚመለሱ ሰው ሆኑ። ይህን ሲነግሩኝ አልቀለዱም። ካሮቱን ነበር የሚያዩት።

ቀጥሎ ያለውን የተናገሩት እትዬ አማረች ናቸው፤ ጋሽ ሎምቤቦ ለመናገር ሲከጅሉ «አንተ ታሳምረዋለህ» ብለው ከለከሏቸው።

ሲኒማው ከቀረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ምእመኑ በዛና ያችው ቤተ ክርስቲያን የቆርቆሮ አዳራሹን ለእሑድ ጉባኤ ተከራየች። እሳቸው የታገዱበትን ቤት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ገብተው በዝማሬ ሞሉት። እገዳውን ግን ማንም አላነሳውም፤ ተረስቷል። አንድ እሑድ አንድ የውጭ አገር ሰባኪ መጣ። አስተርጓሚው ታመመ። ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንዱ «እዚህ ቤት ውስጥ ማስተርጎም የሚያውቅ አንድ ሰው አለ» አለ። ጋሽ ሎምቤቦ ወንበር ሲደረድሩበት ከነበረው ጥግ ተጠርተው መድረክ ላይ ወጡ።

«እንግሊዝኛው ከህንድኛው ብዙም አይሻልም ነበር» አሉ እትዬ አማረች። «ሰውየው ስለ ይቅርታ መስበኩን ግን ገብቶታል።»

ሰባኪው ይናገራል፤ እሳቸው ይተረጉማሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ደህና ሄደ። ከዚያ ሰባኪው እጁን ዘርግቶ ረጅም ነገር ተናገረ። ጋሽ ሎምቤቦም በአማርኛና በሲዳምኛ «እንግዳችን እንዲህ ይላሉ። በዚህ ቤት ምክንያት አንድ ወንድም አግዳችሁ፣ አሁን እዚሁ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ትዘምራላችሁ ይላሉ። ያንን ወንድም ይቅርታ ጠይቁት ይላሉ» አሉ።

ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ ያኔ የእገዳውን ደብዳቤ የፈረሙት፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። መድረኩ ላይ ወጥተው የጋሽ ሎምቤቦን አንገት አቅፈው አለቀሱ። ሌሎቹም ተነሡ። ሰባኪው ስብከቱ እንዲህ ፈጥኖ ሲሠራ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፤ እጁን ወደ ሰማይ አነሣና እሱም አለቀሰ።

«ቤት ስንገባ ‹የእግዚአብሔርን ቃል ፊልም አደረግኸው› አልኩት» አሉ እትዬ አማረች። «ሳምንት አላነጋገርኩትም።»

«ሽማግሌው ግን እውነቱን ያውቁ ነበር» አሉ ጋሽ ሎምቤቦ። «ሲያቅፉኝ በጆሮዬ ‹አንተ ቀጣፊ፣ በራስህ ስም ብትጠራን ባልመጣን ነበር› አሉኝ።»

እንግዲህ ኮሚቴው የመጣ ቀን።

አምስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ፈገግታ የማያበዙ ሰው ናቸው። አንዲት ወጣት ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። የባለሀብቱ ጠበቃም አንድ ወረቀት አጥፎ ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ምን እንደያዘ ገባኝ። አቶ ታደለን ደጋግሜ አስጠንቅቄዋለሁ። «ሰነዱ ተፈርሟል» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠኝም። ኮሚቴው ገብቶ አግዳሚዎቹ ላይ ሲቀመጥ ወደ ጋሽ ሎምቤቦ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ደጃዝማቹን እንዳይረሱ» አላቸው።

ጋሽ ሎምቤቦ ፊት ለፊት ቆሙ። የገበያው ሰዎች ነገሩን ሰምተው በሩ ላይ ተጠራቅመዋል።

«እኔ ሎምቤቦ ነኝ፤ የፊልም ማሽን ኦፕሬተር» አሉ። «ሰነዱ ላይ ያሉት ደጃዝማች እዚህ አልመጡም። ወንበሩ የፀጉር አስተካካይ ነው። ውሸቱን ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ማኅተም የመታበት ደግሞ እዚያ የተቀመጠው ልጅ ነው።»

አቶ ታደለ ጫማውን ያይ ጀመር። ጠበቃው የያዘውን ወረቀት መልሶ ኪሱ ከተተ፤ የሚያነበው ነገር አልቀረለትም።

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ማን ነው እዚህ የመጣው?»

«ሰው።»

«ማን የሚባል?»

«ቲኬት ስንቆርጥ ስም አንጽፍም ነበር» አሉ ጋሽ ሎምቤቦ፤ ወደ በሩም ዞሩ። «እነሱን ጠይቋቸው።»

በሩ ላይ ከቆሙት መሐል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት የዓሣ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ገቡ። ቦጋለች ይባላሉ፤ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጡ አዳራሹ በር ላይ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ሲዳምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ጀመሩ።

«ይሄ ሰውዬ ዋሽቶኛል» አሉ። «ይጻፍልኝ።»

ወጣቷ ሰብሳቢውን አየች። «ጻፊ» አሏት።

«ወንድሜ ወታደር ሆኖ ሄዶ ጠፋ። ያኔ አንድ ፊልም ነበር። ልጁ በባቡር ይሄዳል፤ እህቱ ትጠብቀዋለች። እዚህ መጥቼ አየሁት። ልጁ መጨረሻ ላይ ተመለሰ። ደስ አለኝ፤ እንደገና አየሁት። ስምንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ስምንቱንም ጊዜ ተመለሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን ያው ፊልም ሲመጣ የጎረቤቴ ልጅ ከታች ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ልጁ ገና ባቡሩ ላይ ነው የሞተው።»

ሰብሳቢው ወደ ጋሽ ሎምቤቦ ዞሩ። «መጨረሻ ላይ የተመለሰው ማነው?»

«ሌላ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ሎምቤቦ። «የእህትየው ባል ይመስለኛል። እኔ ‹ወንድሟ ነው፤ ጢም አብቅሎ ነው› አልኩ።»

በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ወይዘሮ ቦጋለች አልሳቁም።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» አሏቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት በር ለበር ሲተያዩ ጠይቀዋቸው አያውቁም።

ጋሽ ሎምቤቦ የኮታቸውን ቁልፍ ይነካኩ ጀመር። በመጨረሻ በሲዳምኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ከዚያ ልማዳቸው ነውና ለኮሚቴው ወደ አማርኛ መለሱት። «ከማሽን ክፍሉ ቀዳዳ አይሻለሁ። ሁልጊዜ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነሽ። ልጁ ሊሞት ሲል ፊትሽን አየሁት። አቃተኝ።»

ወይዘሮ ቦጋለች ዘንቢላቸውን አነሡ። «ሲዋሽም ደህና አድርጎ ነው» ብለው ለኮሚቴው ነገሩ። «ቤቱን ግን አታፍርሱት። ወንድሜ የተመለሰው እዚህ ብቻ ነው።»

ከእሳቸው በኋላ ሰው ሳይጠራ ይገባ ጀመር። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ አማርኛ የለመድኩት እዚህ ነው አሉ፤ የጋሽ ሎምቤቦን አማርኛ ለምደው በመምጣታቸው ገበያ ውስጥ እንደተሳቀባቸውም ጨመሩ። ሌላው፣ ልጁ አልሞተም፣ እኔ ባየሁት ሳምንት ሐኪም ነበር ብሎ ተከራከረ። አንዷ በቀበሌው ዘመን ካድሬው ሁለት ሰዓት የተናገረውን ጋሽ ሎምቤቦ በሲዳምኛ ‹ወደየቤታችሁ ግቡ ብሏል› ብለው እንደጨረሱት መሰከረች። ክርክሩ በሦስት ቋንቋ ሆነ። ቃለ ጉባኤ ያዧ መጻፏን ትታ «ከዚያስ?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የጓሮው ቦታ ለባለሀብቱ ተሰጠ፤ አዳራሹ ተመዘገበ። ምክንያቱ «የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ የከተማዋ ነዋሪዎች በጋራ ሲገለገሉበት የቆየ በመሆኑ» ይላል። ስለ ጢሙ አልተጻፈም። አቶ ታደለ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትኩረታችን ሕዝቡ ላይ ነበር አለ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅርስ ስለሆነ ጥበቃ ያስፈልገዋል ተባለና ቢሮአችን አዲስ ቁልፍ አስገባ። ከበሩ ላይ «ቅርስ ነው። መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የጋሽ ሎምቤቦን ቁልፍ የተረከብኳቸው እኔ ነኝ፤ ተልኬ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡና ወንበራቸውን ይዘው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከበሩ ማዶ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ጀመር። ዝናብ ሳይቀር። ሳል ጀመራቸውና እያደር ባሰ። አንድ ቀን አጠገባቸው ቆምኩ።

«ቢፈርስ ለቅሶ እቀመጥ ነበር» አሉኝ። «አሁን ታስሮ ነው። መጠየቂያ ቀን እንኳ የለውም።»

ቢሮ ተመልሼ መመሪያውን አነበብኩ። መግባት ይከለክላል፤ ጥገናና ጽዳት ሲቀር። የጽዳት ፈቃድ መፈረም ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። «የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጽዳት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። የሠራተኛ ብዛት የሚለው ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ» አልኩ።

ለዚያ ፊርማ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎብኛል፤ ማኅደሬ ውስጥ አለ። ፈቃዱን ግን የሚሽር መመሪያ ስላልተገኘ አዳራሹ ይኸው እስከ ዛሬ በየቅዳሜው ይጸዳል። እንደዚያ ቤት የሚጸዳ ቅርስ በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ከሰማንያ በላይ ሰው መጥረጊያ ይዞ መጣ። የምር ጠረግን። የእርግብ ኩስ በባሊ አወጣን። ሸራው ከተቀደደ ቆይቷል፤ ነጩን ግድግዳ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልነው። ከዚያ ሰዉ አግዳሚዎቹ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሎምቤቦ ማይክራፎን ሳይዙ ግድግዳው ፊት ቆሙ።

«ማሽኑ የለም፤ ፊልሙም የለም» አሉ። «ዛሬ እናንተም አታዩም፣ እኔም አላይም። እኩል ነን።»

ጀመሩ። አንድ ሰው ከሩቅ አገር ተነሥቶ ይመጣል፤ ሻንጣ ይዟል፤ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ማንም አያውቅም። በአማርኛ ተናግረው በሲዳምኛ ይደግሙታል፤ ሁለቱ ታሪኮች ግን አይገጥሙም፤ ሁለቱንም የሚያውቁት ሰዎች ቀድመው ይስቃሉ። ሰውየው ወንዝ ተሻገረ፣ ተሰረቀ፣ ታሰረ፣ አመለጠ። መሐል ላይ ሳሉ ያዛቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ለመቀጠል አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም።

ወይዘሮ ቦጋለች ካሉበት ተነሡ። መጥረጊያቸው እጃቸው ላይ ነው። «ሰውየው ራበው» አሉ በሲዳምኛ፤ ቀጥለው በአማርኛ ደገሙት። «ሻንጣውን ይዞ ዓሣ ሊገዛ አሞራ ገደል መጣ።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ወደ ፊት እየመጡ ቀጠሉ፤ መጀመሪያ እየፈሩ፣ በኋላ ሳይፈሩ። ሰውየው ዋጋ ሲከራከር፣ ሻንጣው ውሃ ሲገባበት፣ ጀልባ ቀዛፊው ሲጠረጥረው። ጋሽ ሎምቤቦ ግድግዳውን ለቀቁላቸው። ቀስ ብለው በአግዳሚዎቹ መሐል መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በዚያ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ ከሰው መሐል መቀመጣቸው የመጀመሪያቸው መሆኑን ኋላ እትዬ አማረች ነገሩኝ።

ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ጠጋ ብዬ «ውሃ ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«ዝም በይ» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከባዶው ግድግዳ ሳይነቅሉ። «ልስማበት።»